የአንጓች ደጅ

በጭላ አምባ ማርያም ሕፃን ክርስትና በሚነሳበት ቀን ከሚያጠምቁት ካህናት በቀር ወንድ ሁሉ ከዋናው ደጅ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ባላባት ቢሆን፣ መሪጌታ ቢሆን፣ እናት ልጇን ታቅፋ ገብታ አስጠምቃ ሳትወጣ ደፉን አይረግጥም። አገሬው ያን ደጅ «የአንጓች ደጅ» ይለዋል። ስሙ ለክብር የወጣ የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም፤ የወጣው ግን ከእፍረት ነው።

እንደሚነገረው፣ በመሳፍንቱ ዘመን አንድ ጦር አገሩን እየዘረፈ ሲያልፍ ወንዶቹ ወደ ገደሉ ሸሹ፤ ሴቶቹ ተማረኩ። አንጓች የምትባል ወጣት ሚስት ከሰባት ሴቶች ጋር አምልጣ በሰኔ ስትመለስ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ባሏ በሩን ዘጋባት፤ ሌሎቹንም የተቀበለ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም «የወታደር ትራፊ የማርያምን ቅጥር አትረግጥም» ብለው ፈረዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው፤ ያን ሁሉ ወኔ ጦሩ በመጣ ዕለት የት አስቀምጠውት ነበር?

ስምንቱንም የተቀበሏቸው እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥጥ የሚፈትሉ መነኩሲት ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ባለች ጎጇቸው አስገብተው ቁስላቸውን አጠቡላቸው፣ ከአንድ ገበታ አብረዋቸው በሉ፣ ዳዊት እየደገሙ እንዝርት አስያዟቸው። አንጓች ክሩ ሲበጠስባት «ቀጥይው ልጄ፣ የተበጠሰ አይጣልም» ይሏት ነበር ይባላል።

ክረምቱን ሙሉ አንጓች ከደጁ ውጭ ዝናብ እየወረደባት ቆማ አስቀደሰች። በዕንቁጣጣሽ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ወዲያ ጭንቀቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንድትነሳላት። ቄሰ ገበዙ ግን «አባቷ ሳይታወቅ አትነሳም» ብለው መለሷት።

ሰማንያው ቀን ኅዳር ጽዮን ላይ ዋለ። ጦሩ የመቅደሱን መጋረጃ አቃጥሎት ስለነበር እማሆይ ፈትለው አዲስ እንዲያሠሩ ታዘው ነበር፤ ማን አብሮ እንደሚፈትል የጠየቀ አልነበረም። በበዓሉ ጠዋት ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጋረጃውን ሊወስዱ ወደ ጎጇቸው መጡ።

«ንጹሕ ነው?» አሉ እማሆይ።

ቄሰ ገበዙ ዳሰሱት። «እንደ ወተት።»

«የፈተለችው አንጓች ናት።»

ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ሰበሰቡ። ያኔ አንጓች ልጇን እንዳቀፈች ተነሳች። 

«አባቶቼ፣ እጄ ከረከሰ መጋረጃውም ረክሷልና አቃጥሉት። ንጹሕ ከሆነ ግን እሱንም ልጄንም ታቅፌ በዋናው ደጅ እገባለሁ። ያን ዕለት ጥላችሁኝ ሸሽታችኋል። ዛሬ እናንተ ውጭ ቅሩ።»

ያለ መጋረጃ ቅዳሴ የለም። ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፍተው ከመንገዷ ዞር አሉ። ስምንቱ ሴቶች እማሆይን አስከትለው ገቡ፤ ከሚያጠምቁት ካህናት በቀር ወንዶቹ ባሏን ጨምሮ ልጅቱ ተጠምቃ እስክትወጣ ውጭ ቆሙ ይባላል።

ዛሬም እዚያ ክርስትና የሚያነሳ ቄስ የአባት ስም አይጠይቅም። ፀሐይ የበረታበት ጎረምሳ «እስከ መቼ ነው የምንገተረው?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ከአጠገቡ ያለ ሽማግሌ «አንጓች ክረምቱን ሙሉ ቆማለች፤ ቁም» ይለዋል።