ዝቅ ማለት ያማራት የሚዜዎች መኪና

ተረት ተረት! የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው ነገር የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ድሮ አንዲት ነጭ መኪና ነበረች። ጌታዋ ቢያድግልኝ ወንድሙን ሊድር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ "እንዲህ እንደ ግመል ተገትሬ ሚዜ አልጭንም! ዝቅ አድርገኝ" አለችው። እሱም መካኒኩ ጋሽ ክንዴ ዘንድ ወሰዳት።

"የተሸከማትን የድሮውን ሞላ ብቆርጠው ተቆረጠ ነው፣ አይመለስም" አለ ጋሽ ክንዴ። "ይሄኛው ግን ቀለበቱን ስታዞረው ይወርዳል፣ ይወጣል።" እሱኑ መርጠው ገጠሙላት።

ቀለበቱ አንዴ ዞረ። ሁለት ጣት ወረደች። "በቃሽ?" አላት ሞላው። "ጨምር!"

ደግሞ ዞረ። ከሆዷ ሥር ዘይት የያዘው ኮፓ መሬቱ ቀረበውና ፈራ። "እታለም፣ እኔ ስስ ቆርቆሮ ነኝ፤ ይብቃሽ" ብሎ ለመናት። "አንተን ማን ያይሃል? ጨምር!"

ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ። ሞላው፣ "ኧረ መተንፈሻ አሳጣሽኝ! የተለካሽው ባዶሽን ነው፤ ሰው ሲጫንብሽ የት ልግባ?" አላት። ጋሽ ክንዴም፣ "ልጄ፣ ሰው አስገብተን እንያት" ቢለው፣ ቢያድግልኝ "ተዋት ጋሼ፣ አምሮባታል" ብሎ ይዟት ወጣ።

የሠርጉ ዕለት አምስት ሚዜ ታጨቀባት። ጡሩምባዋን እየነፋች ሙሽሪት ሰፈር ስትደርስ፣ ነዋሪው መኪና ልጅ እንዳይገጭበት መንገዱ ላይ የቀበረው ድንጋይ ጠበቃት።

"ዞር በልልኝ!" አለችው።

"የቀበሩኝ እንዳልነቃነቅ ነው።"

"ሞላዬ፣ ከፍ አድርገኝ!"

"ቀለበቴን እኔ ራሴ አላዞረውም።"

ድንጋዩን ልታልፍ ስትል ኮፓው ተፋቀና ጮኸ፤ ተቀደደ። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሀል ማን ይስማው? ዘይቱ አቧራው ላይ ፈሰሰ። ቢያድግልኝ ዘይት ማለቁን የሚናገረው ቀይ መብራት መሪው ፊት ሲበራ አየ፤ "ሚዜ ጭነን እንዴት መንገድ ላይ እንቆማለን?" ብሎ ነዳት። ሙሽሪት በር ላይ ሞተሯ ደርቆ ቀጥ አለ። ዳግም አልተነሳችም።

ተፈታትታ ተሸጠች። ሞላው ብቻ ደህና ነበርና ለሌላ መኪና ተገጠመ። እሷም ገና ከመተዋወቃቸው፣ "ስንት ጣት ታወርደኛለህ?" አለችው።

ሞላው ኮፓው ትዝ ብሎት አለቀሰ። "መጀመሪያ ሰው ጫኚ፤ ከዚያ ጠይቂኝ" አላት።

እናንተም ባዷችሁን አትለኩ፤ ከበታቻችሁ ያለውንም ስሙት። ተረቴን መልሱልኝ፤ ኮፓውን ግን የሚመልሰው የለም።