የአቶ ደርበው ክፍት በር

አንባቢ፣ በር ላይ የቆመ ሰው እያየህ ዝም ብለህ ያለፍከው ስንት ጊዜ ነው? ቁጥሩን ለራስህ ያዘው።

አንድ ቀን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የአባቴን ቤት ካርታ ላወጣ ወደተወለድኩባት ከተማ ሄድኩ። የቀበሌዋ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና «ሲስተም የለም፣ እማማ» አለችኝ። ስለሌሉ አማልክት ብዙ አንብቤያለሁ፤ አለመኖሩ በዚህ ልበ ሙሉነት የሚነገርለት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። የከተማው የቤትና የቦታ መዝገብ ሁሉ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ቀበሌዎቹ ካሉበት ሆነው በመስመር እየገቡ ያነቡታል። ከገቡ ግን ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል።

ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወጣሁ። ዘበኛው «ስምዎ ዝርዝር ውስጥ የለም» ብሎ ከበር መለሰኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከራሱ በላይ «በራችን ለባለጉዳይ ሁሉ ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የኃላፊው የአቶ ደርበው ፊርማ አለ።

በሦስተኛው ቀን የኮምፒውተር ባለሙያው ሽባባው ሲገባ አጠገቤ ቆመ። ምን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ይከተሉኝ፣ ዛሬ ያስፈልጉኛል» አለኝ። ለዘበኛው «ምስክሬ ናቸው» ብሎ አስገባኝ።

ለካ አቶ ደርበው ባሉበት የእሱ ግምገማ የሚካሄድበት ቀን ነበር። ቀበሌዎቹን ከሰርቨሩ ያቆራረጠ እሱ ነው ተብሎ የስንብት ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ሽባባው ነገሩን ለገምጋሚዎቹ ከሥሩ አስረዳ። አቶ ደርበው ከሁለት ቀን ሥልጠና ሲመለሱ፣ ጠላፊ እንዳይገባ ብለው፣ ሰርቨሩ ከውጭ ለሚመጣ ለማንም እንዳይከፍት አዘው ነበር። ትእዛዙ እንዲነሳ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፏል፤ መልስ የሰጠው የለም።

አቶ ደርበው አልሰሙትም። ሁላችንንም አስነሥተው ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ወሰዱን። እዚያው ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ፣ አንድ መዝገብ ፈለጉ፣ ወዲያው ወጣላቸው።

«ይኸው፣ ገባሁ አይደል?» አሉ። «እነሱ ካልገቡ ወይ እነሱ አያውቁም፣ ወይ አንተ አታውቅም።»

ገምጋሚዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ገቡ?» አለ ሽባባው ቀስ ብሎ። «ውስጥ አይደል እንዴ ያሉት? መግባት ምን እንደሆነ እኚህን እናት ይጠይቋቸው፤ ከሰሌዳዎ ሥር ሲቆሙ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን በሳል ሸፈነችው። አቶ ደርበው ሰርቨሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የሰርቨሩን በር ለቀበሌዎቹ እንዲከፍት ሽባባውን በዝግታ አዘዙት። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፤ በቃ። ከቀበሌ ተደወለ፦ «ሲስተም መጣ!» ማኅተሙ ወደ ኪስ ተመለሰ።

አቶ ደርበው ወንበር አስመጥተውልኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። ዘበኛውም ጠየቀ። ሽባባው እስከ ውጭ ድረስ ሸኘኝና፣ እኔ ባልኖር ኖሮ እንጀራው ተቆርጦ እንደነበር ነገረኝ። በፊተኞቹ ሁለት ቀናት በአጠገቤ ሲያልፍ አይቶኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

አንገቱን ደፋ።

ማንንም ይቅር አላልኩም።