አቧራው ከመጠረጉ በፊት

አንድ ባለ ጽሕፈት ቤት ነበር። ስሙ ደጀኔ ይባላል። ቤቱ ከወረዳው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ጠጠር የጫኑ መኪናዎች ቀኑን ሙሉ ከሚመላለሱበት የኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፈውም፣ ውል የሚያስተይበውም፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳውም እሱ ጋ ይመጣል።

ደጀኔ ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ ላይ ልትታዘቡት ስለምትችሉ ይህን ከወዲሁ ልናገርለት። ችግረኛ ሰው ሲመጣ በነፃ ይጽፍለታል፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ያነብለታል። ችግሩ ቱግ ባይ መሆኑ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስበት፣ መብራት ሲጠፋበት፣ ባለጉዳይ ሲነዘንዘው ድምፁ ፍርድ ቤቱ ግቢ ድረስ ይሰማል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ የተቆጣበትን ነገር ራሱ ረስቶት ሻይ ሲጋብዝ ታገኙታላችሁ። እሱ ይርሳው እንጂ ቁጣው የወረደበት ሰው እንደማይረሳው አያውቅም ነበር።

እቴነሽ የምትባል ጸሐፊ ነበረችው። አብራው መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለጉዳዩ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ማመልከቻውን አሰናድታ ትጠብቀዋለች። እጅ ሥራም ትወዳለች። በኪሮሽ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ለኮምፒውተሯ፣ ሲፒዩ ለሚባለው ሳጥን፣ አልብሳዋለች። አቧራ እንዳይገባበት ብላ ነው። ጠዋት ስትከፍተውም አታወልቅለትም፤ ብርድ እንደሚፈራለት ሕፃን ቀኑን ሙሉ ሸፍናው ትሠራለች።

ታዲያ እቴነሽ ሆደ ባሻ ናት። ቀድሞ ትሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት የለቀቀችው ኃላፊዋ በሰው ፊት ስላዋረዳት ነው። መልስ እንኳ አልሰጠችውም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ በዚያ በር ዳግመኛ አላለፈችም። ደጀኔ ይህን ስለሚያውቅ ስንት ዓመት ሙሉ በዕቃውም በሰውም ላይ ሲጮህ በእሷ ላይ ጮሆ አያውቅም።

ከፋሲካ ወዲህ ግን እቴነሽ መሳሳት ጀመረች። አንድ ሽማግሌ የመሬት ክርክር ማመልከቻ አስጽፈው፣ አሥራ ሦስት መሆን የነበረበት ቀን አሥራ ስምንት ተብሎ ስለተጻፈ መዝገብ ቤት መለሰባቸው። የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ደግሞ የአንድ ሰው የቤት ቁጥር ተሳሳተ። ደጀኔ ጥርሱን ነክሶ አለፈው። በሆዱ ግን ሌላ አንድ ስህተት ካገኘሁባት ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ እነግራታለሁ ብሎ ወሰነ። ያን ቀን እቴነሽን እንደሚያጣት ጠፍቶት አይደለም። ቁጣ ሲጠራቀም ግን ሰው ማጣትንም ያስንቃል።

በዚያው ሰሞን የእሱም የእሷም ኮምፒውተር እየጋለ በሥራ መሐል ድርግም ማለት ያዘ። ደጀኔ የጎን ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ውስጡ አቧራ ብቻ ሆኗል። ጊዜ አላጠፋም። የራሱን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኖ ጎማ ቤት ወሰደው። ጎሚስታው የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕሬሰር ለቀቀበት። አቧራው ደመና ሆኖ ወጣ፣ የቆሙት ሰዎች ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ደጀኔም ደስ አለው። ፋን የሚባለው ትንሹ ማራገቢያ በነፋሱ ጉልበት እንደ እብድ ሲሽከረከር ግን አንዱ ክንፉ ተሰብሮ በረረ። ከኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበትም አብሮ ተረጨበት። ኮምፒውተሩ ቤት ሲደርስ ጸድቶ ነበር፤ ግን አልነሳም አለ።

አሁን የቀረው የእቴነሽ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ደጀኔ ልቡ ስለወደቀ የከተማውን ነባር ጠጋኝ ጋሽ ልሳነወርቅን አስጠራቸው። እሳቸው ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግኑ፣ ሲናገሩም ሲሠሩም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በሩ ጥግ የተቀመጠውን የሞተውን ኮምፒውተር አገላብጠው አዩ። ማን እንዲህ እንዳደረገው ሲጠይቁ ደጀኔ አቀርቅሮ እሱ ራሱ አቧራውን ላስወጣ ብሎ መሆኑን ነገራቸው። ጋሽ ልሳነወርቅ ፈገግ ብለው፣ አቧራውስ በደንብ ወጥቷል አሉት።

ከዚያ ወደ እቴነሽ ኮምፒውተር ዞሩ። ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቁ። እቴነሽ የእኔ ነው ስትል አንገቷን ሰበር አደረገች።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሏት። «ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ አልብሺው። ሲሠራ ግን የሚተነፍሰው በዚህ በዚህ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ገለጥ አድርጊለት።»

እቴነሽ ሙቀቱን ያፈነው የራሷ ዳንቴል መሆኑ ገባት። ግን አልከፋትም። ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ደጀኔ ይህን ሲያይ ትንሽ ገረመው። እሱ ቢሆን ይህን ጨርቅ ማን አልብሺው አለሽ ብሎ እንደሚጀምር ያውቀዋል።

ጋሽ ልሳነወርቅ ኮምፒውተሩን በወጉ አጠፉት፣ ከሶኬት ነቀሉት፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ሳጥኑን ሊያነሱ ሲሉ አንዲት ባለጉዳይ ወረቀት ይዛ ገባች። ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ ትናንት አስጽፋ ነበር። የልጁ የትውልድ ዓመት ስህተት ነው ብለው እንደመለሷት ነገረቻቸው። ወረፋ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች ቀና አሉ።

የደጀኔ ፊት ተለዋወጠ። ወደ እቴነሽ ዞረ። እሷም ፊቱን አይታ ክው አለች፣ እጇ ወንበሯ ሥር ወዳለው ቦርሳ ወረደ። አፉን ሲከፍት ጋሽ ልሳነወርቅ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ጠሩት።

«ደጀኔ፣ ይህ ነገር ከበደኝ። ና አግዘኝ፣ ወደ ጓሮ እናውጣው።»

በዕድሜ አባት የሚሆን ሰው ዕቃ አንስቶ አግዘኝ ሲል ቆይ አይባልም። ደጀኔ ቁጣውን በጉሮሮው እንደያዘ ሴትዮዋን ትንሽ እንድትቀመጥ ለመናትና ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ። ያን ያህል ከባድ አልነበረም።

ጓሮ እንደደረሱ ቶሎ ቶሎ ይበሉልኝ፣ ውስጥ የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ አላቸው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቢጠርጉት ምን ነበር ብሎም አጉረመረመ። ጋሽ ልሳነወርቅ እዚያ ሰው መሐል ቢጠርጉት አቧራው በሰውና በዕቃ ላይ እንደሚበተን፣ ግማሹም ተመልሶ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገባ አስረዱት። ቀጥለው ከሶኬት የተነቀለውን ኮምፒውተር የማብሪያውን ቁልፍ ተጫኑና ጥቂት ሰከንድ ያዙት።

«ተነቅሎ የለም እንዴ? ምን ሊበራ ነው?» አለ ደጀኔ።

«ቢነቀልም ውስጡ የቀረ ኃይል አለ። እሱ ሳይወጣ ገብተህ ብትነካው ወይ አንተን ይጎዳል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ይበላሻል።»

ከዚያ ክዳኑን ከፈቱ። ምንም ሳይነኩ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በባዶ እጃቸው ያዝ አደረጉ። ደጀኔ ትዕግሥቱ እያለቀ፣ ይህስ ለምን ነው አላቸው።

«ያ የኮምፒውተሩ ነበር፣ ይህ ደግሞ የኔ ነው። በሰው ገላ ላይ የማይታይ ኤሌክትሪክ አለ። እሱን ከራሴ ሳላራግፍ የውስጡን ካርድ ብነካት፣ የማቃጥላት እኔ ነኝ። አቧራው አይደለም።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ከቦርሳቸው ለስላሳ፣ ደረቅ ብሩሽ አወጡ። ጨርቅ አርጥበው አልገቡበትም፣ በአፋቸውም እፍ አላሉበትም፤ ምራቅም ውሃ ነው አሉ። በእጅ በሚጨመቅ ትንሽ የላስቲክ መንፊያ ራቅ ብለው አጠር አጠር እያደረጉ ነፉ፣ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች አሳለፉ። ፋኑ ጋ ሲደርሱ ግን አቆሙና ደጀኔን ክንፉን በጣትህ ያዝልኝ አሉት። ሳይያዝ ከተነፋ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ይሰበራል፣ ያኛውም የሞተው በዚሁ ነው አሉት። ደጀኔ ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ያዘ። ክንፉ ከወረቀት የማይወፍር ቀጭን ነገር ነበር። ኃይል እንዳያበዛበት ሲጠነቀቅ ትንፋሹንም ቀነሰ። ከግራጫው አቧራ ሥር ጥቁሩ ክንፍ ቀስ እያለ ብቅ ሲል አየ።

እዚያው እንደጎነበሰ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እቴነሽ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልቀረችበት ሰው መሆኗ፣ እናቱ ሲሞቱ ሳምንቱን ሙሉ ጽሕፈት ቤቱን ብቻዋን መያዟ ትዝ አለው። ቅድም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊለቅባት የነበረው ነገር አስደነገጠው። ጋሽ ልሳነወርቅ ምን ሆንክ አላሉትም። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ፣ የቀረውን ብሎን አጠበቁ።

ኮምፒውተሩ ቦታው ተመልሶ ሲከፈት ድምፁ እንኳ ቀንሶ ነበር። ደጀኔ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ፣ የልጁን ዓመት በሁለት ጣቱ እየለቀመ ራሱ አስተካክሎ ሰጣት። ስለ ስህተቱ አልተነፈሰም። ለምሳ ሲዘጉና ባለጉዳዩ ሁሉ ሲወጣ ሁለት ወንበር ወደ ጓሮ አወጣ፤ እቴነሽን ነይ አረፍ በይ አላት። ውጪ ለብቻቸው ተቀምጠው እንኳ ወዲያው አልጀመረም። በሆዱ የቀረ ቁጣ እንዳለ ራሱን መረመረ። ከዚያ ነው የተናገረው።

«እቴነሽ፣ ከፋሲካ ወዲህ አንቺን የማይመስል ስህተት እያየሁ ነው። ምን ገጠመሽ?»

እቴነሽ ጣቶቿን እያየች፣ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ነገረችው። ቁጥሮቹ ይደበላለቁባታል። የምትጽፈው ጣቷ በለመደው እየገመተች ነው። ብናገር ከእንግዲህ አትጠቅሚም ይለኛል ብላ ፈርታ ደብቃው ኖራለች። መነጽር ለማሠራት ሐኪም ጋ መሄድም ሰው ያየኛል ብላ አፍራ ነበር። ደጀኔ የጠበቀው ግዴለሽነት ነበርና ሆዱ ባባ። ተነስቶ ገባና ስክሪኑ ላይ ፊደሉን አተለቀው። ከወንበሯ ሆና እንድታየው ጠራት። ትልቁን ፊደል ስታይ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ነገ ጠዋት ቤቱን እሱ ከፍቶ እንደሚጠብቅና እሷ ዓይን ሐኪም ጋ እንደምትሄድ ተስማሙ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ሊወጣ ሲል እቴነሽ ጠራችው።

«ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበልህ?»

«በይ።»

«አንተ በማንም ላይ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔ ደህና በነበረበት ጊዜም እንዲሁ ነበር።»

ደጀኔ ለሥራው ብዬ እኮ ነው ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ታዲያ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እስክትበርድ እየጠበቅኩህ ነበር» አለችው።

ታሪኩ ይኸው ነው። የሰውን ጉድለት አትዩ የሚለን የለም፤ አቧራ ካልተጠረገ ደህናውንም ነገር ያቃጥላል። ግን የምንጠርገው የምንወደውን ነገር ነው፣ ውስጡም እንደዚያ ክንፍ ቀጭን ነው። ስለዚህ ከሰው መሐል እናውጣው፣ የጋለው እስኪበርድ እንታገሥ፣ ከሁሉ በፊት በራሳችን ላይ ያለውን የማይታይ ነገር እናራግፍ። እውነት ስለተናገርን ብቻ የተሰበረው ነገር ከጥፋት አይቆጠርም ብለን ራሳችንን አናታልል።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ የደጀኔ ጉዳይ ነው። ራሱን የጠራጊ ወገን አድርጎ ነበር የቆጠረው። እስቲ እናንተም ቤታችሁን፣ መሥሪያ ቤታችሁን አስቡት፤ የሚነግራችሁ ነገር ኖሮት፣ እስክትበርዱ ድረስ ስንት ዓመት ዝም ብሎ የሚጠብቃችሁ ሰው ማን ይሆን?