ለገዢ ተብሎ የተሰቀለው አሸንዳ

ይህን ምሳሌ ከመናገሬ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ቅዱሳን ወይም ስለ ነገሥታት ቢሆን ለእኔም ለእናንተም ክብር ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቤት ሽያጭ ነው፣ ውስጡም ደላላ አለበት። ይህ ጥላዬ የምትሉት ሰው መጥቶ «መምህር፣ ከወንድሜ ጋር በአንድ ግቢ መኖር አልቻልኩም። ማታ የግቢውን በር አይቀረቅርም፤ እኔም እልህ ይዞኝ አልቀረቅርም፤ ሁለታችንም ሳንተኛ እናድራለን። ሰው ክፉ ሳይባል እንዴት ነው ተለይቶ የሚሄደው?» ብሎ ባይጠይቀኝ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ጥያቄው የእሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ነው። ጥላዬ፣ ተቀመጥ። እግርህንም አታወዛውዝ።

አንድ ሰው ነበረ። ጎረቤት ነበረው። የጎረቤቱ ጣሪያ ወደ እሱ ግቢ ያዘነብላል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠፈጠፉ ከሰውዬው መኝታ ቤት መስኮት ሥር እየወረደ ግድግዳውን በጭቃ ይለቀልቀዋል። ሰውዬው «ጣሪያው ያንተ ነው፤ አሸንዳ ስቀልለት» አለ። ጎረቤቱም «ዝናቡን እኔ አላወረድኩትም» አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ የቀረበላቸውን በሉ፣ መርቀው ሄዱ። ጠፈጠፉ ቀጠለ።

ሰውዬው ዕረፍት አጣ። ዝናብ ሲጀምር ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና የሚወርደውን ውሃ ቆሞ ያያል። ሊያስቆመው አይችልም፤ ግን እሱ ሳያየው እንዲወርድ አልፈለገም። በበጋ እንኳ ጎረቤቱ ሲስል ከሰማ «ሰማሽ? ሆን ብሎ ነው» ይላል ሚስቱን። በመጨረሻ «ሌላ ክረምት እዚህ አላሳልፍም፤ ቤቱን እሸጣለሁ» ብሎ ማለ። ሚስቱ ልጆቿን ወልዳ ያሳደገችበት ቤት ነውና አለቀሰች። እሱ ደላላ ጠራ።

ደላላው ቤቱን ዞሮ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ጋሼ፣ ይህ እንዲህ እንዳለ ለገዢ አይታይም» አለ። ኮርኒሱ ተቀየረ። አልጋ ሥር የኖረው ባዶ ጀሪካን ሁሉ ወጣ። ሚስቲቱ በታጠበው ወለል ላይ በጫማ መሄድ ተከለከለች። ሳሎኑ ላይ ሲደርስ ደላላው እንደገና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይህ ሶፋ ገዢ ያባርራል። የጎረቤትዎ አዲስ ነው፤ ይዋሱት።»

«ከሱ?»

«ከሱ! ደግሞ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎረቤትን ነው። ግድግዳውን ቀለም ቀብተው ጎረቤቱን እንዲሁ ሊተዉት ነው? ለይምሰል እንኳ ይታረቁ እንጂ!»

ሰውዬው የሚለውን መንገድ ላይ እያጠና ሄዶ አንኳኳ። ጎረቤቱ ንግግሩን አላስጨረሰውም። «ሶፋውን? ብቻህን ወገብህን ልትቀጭ ነው እንዴ? በዚያ በኩል ያዝ» አለ። ተሸክመው አመጡት። ሰውዬው ለይምሰል አመሰገነ። ለይምሰልም ስለ ሳሉ ጠየቀው፤ ለካ የቆየ አስም ኖሮበት ነው።

ከዚያ ቀለም ቀቢው መጣ። በመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በጣቱ ነካክቶ «የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ካልተመለሰ እዚህ ቀለም አይቆይም» አለ። ደላላው ሰውዬውን አየው።

«በሱ ጣሪያ ላይ? እኔ?»

«ጋሼ፣ ቤቱን ይሸጣሉ አይሸጡም?»

ሰውዬው እየተራገመ መሰላል ወጣ፤ አሸንዳውንም በገዛ እጁ ሰቀለ። ጎረቤቱ መሰላሉን ይዞለት «ቀስ በል፣ ያቺ ቆርቆሮ ታንሸራትታለች» ይለው ነበር።

ገዢዋ ብልህ ሴት ነበረች፤ ዝናብ ጠብቃ መጣች። ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ጎረቤት ሄዳ ጠየቀች፤ ጎረቤቱ «እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል!» ብሎ ለእንግዳዋ ቆሎ በሳህን ይዞ ተከትሏት መጣ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ቤቱን ወድጄዋለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቤቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና። ታዲያ እርስዎ ለምን ይሸጣሉ?»

ሰውዬው ይህን ጥያቄ ስንት ክረምት ሲጠብቀው ነበር! መልሱን አልጋው ላይ ሲገላበጥ አዘጋጅቶታል። ተነሣ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ጣሪያ ቀስሮ «ያ ውሃ» አለ።

ውሃው በአሸንዳው ሄዶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ከመስኮቱ ሥር ጠብታ የለም። ጎረቤቱ ቆሎውን እንደያዘ አብሮት ወደ ውጭ አየና «አዎ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የሰቀልከው» አለ። ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ።

ሴትዮዋ ጃንጥላዋን አነሣች። «ለምን እንደሚሸጥ የማይናገር ሰው የደበቀው ነገር አለው» ብላ ሄደች። ሚስቲቱ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ደላላው ግን «ለይምሰል አልኩ እንጂ የምር ታረቁ መቼ ወጣኝ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ሰውዬው ቀረ። ደስ ብሎት ቀረ ለማለት እፈራለሁ። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ ምናልባት ያፈስ እንደሆን ብሎ አሸንዳውን ያያል። ጎረቤቱ ደግሞ ሰውዬው ለጎረቤቱ ቤት ተጨንቆ የወጣ እየመሰለው ጃንጥላ ይዞለት አጠገቡ ይቆማል።

እንግዲህ ጥላዬ፣ ቤቱ ከወንድምህ ጋር ያለህ ኑሮ ነው። ሳልወድ ደላላ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ክፉ ሳትባል መሄድ ከፈለግህ እንደሚሸጥ ቤት አሰናዳው። ዛሬ ማታ ሂድና በሩን አንተ ቀርቅረው። ለይምሰል ይሁን፤ እኔ የምር አላልኩም። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ «ለምን ትሄዳለህ?» ሲልህ ጣትህን የምትቀስርበት ነገር ካገኘህ ሂድ፤ ፍራሽህን እኔ እሸከምልሃለሁ። ካጣህ ግን ጣትህን አጥፈህ ተቀመጥ። ዕረፍት ታገኛለህ ብዬ ዋስ አልሆንም።

እናንተም ይህን የትም እንዳታወሩት እለምናችኋለሁ። ደላሎች ከሰሙ ያዝናሉ፤ ሰው ሁሉ ሊሸጥ ሲሰናዳ እየታረቀ ከቀረባቸው በምን ልጅ ያሳድጋሉ? ጥላዬ፣ አንተም ለወንድምህ እንዳትነግር። በሩን የቀረቀርከው ወደኸው ይምሰለው።