አምስት ቅዳሜ በሬ ፍለጋ

ዛሬ ጫማ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይውልና፣ አንዱን ሲያነሣ ሌላው እያማረው፣ ገበያው ሊዘጋ ሲል እግሩን የሚልጠውን ገዝቶ ይገባል። ያን ጊዜ አዋቂዎች አንድ አባባል ጣል ያደርጉበታል። ሰውየው ይስቃል። አባባሉ የወጣበትን ቤት ቢያውቅ ግን አይስቅም ነበር፤ እዚያ ቤት ማንም አልሳቀም።

አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢያድግልኝ ብርቱ ገበሬ ነው፤ ዳሩ ግን ከሰው ሁሉ የተሻለውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። በግንቦት መጨረሻ ከጥማድ በሬዎቻቸው አንዱ ገደል ገብቶ ሞተባቸው። ሽማግሌው ጎረቤታቸው አያ ዳኘውም ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነበርና ውለው ሳያድሩ መጡ።

«ያንተ አንድ፣ የእኔ አንድ። መቀናጆ እንግባና ተራ በተራ እንረስ» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ዳኘው፤ እኔ እንኳ ልገዛ ነው።»

አትጠገብ ከጓዳ ሆና ሰማች። ባሏ ሙክቶቹን ሸጦ ገንዘብ ቋጥሯልና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አያ ዳኘውም ሄደው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጁ።

ዱሮ በገበያቸው የሚቀርበው በሬ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ነው። የማን ቤት በሬ እንደ ሆነ፣ ይዋጋ አይዋጋ፣ ቀንበር ይልመድ አይልመድ አገር ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ግን በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ነበርና ነጋዴው ከቆላም ከደጋም እየነዳ ገበያውን በቀንድ ሞላው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባልና ሚስት አብረው ሄዱ። አንድ ቦራ በሬ አገኙ፤ ጥርሱ ደኅና፣ እግሩ ጠንካራ፣ ሲነኩት የማይደነብር።

«ይኸው በሬያችን፣ ያዘው» አለች።

«ጅራቱ አጠር አላለም?»

«በጅራቱ ነው እንዴ የምታርሰው?»

«አንቺ ሴት፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ለሚመጣው ቅዳሜ ስንቱ ይመጣል መሰለሽ!»

በሁለተኛው ቅዳሜ ትከሻው የሰፋ ጉራቻ አየ። ጅራቱም ረጅም ነው፤ ግን እንደ ቦራው ገራም አልሆነለትም። ተመልሶ ቦራውን ቢፈልግ ተሸጧል። በሦስተኛው ቅዳሜ የጉራቻውን ትከሻ፣ የቦራውን ጠባይ፣ የሌላውን በሬ ቀንድ በአንድ ቆዳ ውስጥ ሲፈልግ ዋለ። እንዲህ ያለ በሬ እግዜርም አልፈጠረ። ከአራት አንዱን መርጦ በደስታ ይገባ የነበረ ሰው ከመቶው መካከል አንድ አጣሁ ብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

በዚህ መካከል ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጣለ። የአገሩ መሬት ሁሉ ሲገለበጥ የእነሱ ብቻ ሣር አበቀለ። አትጠገብ በየማለዳው ደጃፍ ወጥታ ታየዋለች።

«አንተ ሰው፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ እየሄደ ነው። ያገኘኸውን ይዘህ ና!»

«ትንሽ ታገሺ፤ ደኅና ደኅናው ገና አሁን ነው የሚመጣው።»

አራተኛውም ቅዳሜ በማየት አለፈ። በአምስተኛው ሲሄድ ገበያው ጭር ብሏል። በሬ የገዛው ሁሉ እያረሰ ነው፤ ነጋዴውም ጭቃውን ፈርቶ ቀርቷል። የቀረው ሰው ሁሉ አይቶ አይቶ የተወው፣ ባለ ገበያ ምራጭ የሚለው ከብት ነው። ከመካከሉ አንድ ዳልቻ በሬ ነበር። አምስት ቅዳሜ ሙሉ የበሬ ጥርስ ሲቆጥር የከረመው ቢያድግልኝ የዚህን አፍ እንኳ ሳይከፍት ገዛው።

ሰኞ ጠመደው። ዳልቻው ሁለት ትልም ሳይሄድ ጉልበቱን አጥፎ እትልሙ ላይ ተኛ። ጅራፍ ቢያወርዱበት፣ ጅራቱን ቢጠመዝዙት፣ ንቅንቅ አልል አለ። እውነትም ከእጅ አይሻል ዶማ! አትጠገብ ምሳውን ይዛ ከእርሻው ዳር ደርሳ ነበር። ባሏ ጅራፉን ጥሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ጅራቱስ ይበቃል?» አለችው። ምሳውን አስቀምጣለት ሄደች።

መሬቱ ጦም አደረ። በሬ እንዳይዋሱም የአያ ዳኘው ጥማድ የሁለቱን ባለ በሬዎች እርሻ እስኪጨርስ የጤፍ መዝሪያው አልፎ ነበር። ነሐሴ ላይ ቤቱ የሚቀመስ ሲያጣ አትጠገብ ለዘር ያስቀመጠችውን ጤፍ አወጣች። የገበሬ ሚስት ዘሯን ስትፈጭ ምን እንደሚሰማት የፈጨች ታውቀዋለች። እያለቀሰች ፈጨችው።

በመስከረም በአያ ዳኘው ማሳ ጤፍ ልታርም በእህል ተቀጠረች። ከሌላ ቀበሌ የመጣች አንዲት አራሚ ጎንበስ ብላ የምታርመውን አትጠገብን አየችና ሽማግሌውን፣ «አያ ዳኘው፣ ይህች ሴት የደኅና ቤት እመቤት አልነበረችም እንዴ? ምን አግኝቷት ነው ለሰው የምታርም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አትጠገብ ሰማች። ቀና አላለችም፤ የነቀለችውን አረም እንደ ጨበጠች መልሱን ጠበቀች። አያ ዳኘው ከማሳቸው ማዶ ሣር የዋጠውን መሬት በከዘራቸው አመለከቱና እንዲህ አሉ፦ «ባሏ ሲያማርጥ ከረመ ልጄ፤ መራጭ ይወድቃል ከምራጭ።»