የእግር ዋስ

ድሬዳዋ ውስጥ ክርክር ረትቶ በተረታው ላይ ስድብ ለሚጨምር፣ ወይም ከታረቀ በኋላ የድሮውን ቁስል ለሚነካካ ሰው የሚነገር አንድ አባባል አለ። ብዙ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስለዋል። አባባሉ ግን የወጣው ከአንድ የቦክስ አሠልጣኝ አፍ ነው፤ የወጣበትንም እሑድ ከሰዓት የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ነገሩ የኢብሳ ነው። ኢብሳ ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የኖረው ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም፣ ማነቁም በተፈቀደበት በቅይጥ ፍልሚያ ነው። የቀኝ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ድኗል፤ ሐኪሙ ግን ሦስተኛ ከተጠመዘዘ በዱላ ነው የምትሄደው ብሎታል። ባለቤቱ ዘሀራ ይህን ከሰማች ወዲህ ተው ማለት አላቋረጠችም። እሱ ደግሞ ተፋላሚ ካልሆነ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ይህን አለማወቁ ከጉልበቱ ይልቅ ያስፈራው ነበር። በቦክስ ጉልበት አይረገጥም፣ እግር አይጠለፍም ሲሉት፣ አንድ ጠዋት ጋሽ ልሳኑ ወደሚያሠለጥኑበት አዳራሽ ሄደ።

ጋሽ ልሳኑ በወጣትነታቸው ቦክሰኛ፣ ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊ የሆኑ ሰው ናቸው። የኢብሳን ክንድ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ሲያደንቅ እሳቸው እግሩን ነበር የሚያዩት።

«እጅህ ደህና ነው። እግርህን ምን እናድርገው?»

«ይረሳል፣ ጋሼ።»

«እግር አይረሳም። ወይ ይታዘዛል፣ ወይ አይታዘዝም።»

በማግስቱ ከሱቃቸው ጠንካራ ጥብጣብ ይዘው መጡና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን አንድ ክንድ ያህል አራርቀው አሰሩለት። እግሩን ለእርግጫ ባነሣ ቁጥር ይወድቃል። ለትግል ዝቅ ብሎ የሰው ወገብ ሊይዝ ሲንደረደርም ይወድቃል። ክለቡ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በተለይ ረመዳን፣ ስድስት ዓመት እዚያው ያደገው ቦክሰኛ፣ «አቦ፣ ሙሽራዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» እያለ ኢብሳ በአጭር በአጭሩ ሲራመድ ያጨበጭብለት ነበር። ኢብሳ ይነሣል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይቀጥላል። በሦስተኛው ወር መውደቁ ቀረ። በስምንተኛው ጥብጣቡ ሲፈታለት እግሩ እንደታሰረ ሁሉ በቦታው ተቀመጠ። ጋሽ ልሳኑ ጥብጣቡን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

በዚያው ሰሞን የፕሮፌሽናል ቦክስ ውድድር አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ከየክለቡ ስም ይመዘግባል፤ ከየክብደቱ ያሸነፈ ለአንድ ዓመት ናይሮቢ ሄዶ እንዲወዳደር ውል ይፈርማል። የኢብሳን ስም ሲያይ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ። መሐል ላይ ቢራገጥ የሚሳቅብኝ እኔ ነኝ፣ ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ማን ቦክስ ይጀምራል፣ አለ።

ጋሽ ልሳኑ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ሰው በሽማግሌ ፊት ለዘመዱ ዋስ እንደሚሆነው ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ለእግሩ ዋሱ እኔ ነኝ። አንዴ እንኳ ቢራገጥ የክለቤን ልጆች በሙሉ ከዝርዝርህ ፍቃቸው።»

አዘጋጁ በዚህ ተስማማ። በዝርዝሩ ላይ ግን ከኢብሳ ሌላ የአራት የክለቡ ልጆች ስም ነበር፤ አንዱ የረመዳን። ረመዳን የዚያን ቀን አልቀለደም። «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት የለፋሁት ለሰው እግር ነው?» አለ። ኢብሳ ይህን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ዘሀራ ፊቱን አይታ ምን ሆንክ አለችው። እግሬ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ፣ አላት።

የውድድሩ እሑድ ደረሰ። የኢብሳ ተጋጣሚ ክንፈ የሚባል የአዳማ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ እጀ ፈጣን። ተመልካቹ ወሬውን ሰምቷልና ቡጢ የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም ያጎነበሰው ወደ ኢብሳ እግር ነው። ከኋላ የተቀመጡት «እግር! እግር!» እያሉ ይተነኩሱታል። ኢብሳ ሦስት ዙር ተመታ፣ መታ፣ ዞረ፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ዙር ክንፈ ደክሞት ግራ እጁን ትንሽ ዝቅ አደረገ። ኢብሳ በዚያች ክፍተት ቀኙን ላከ። ክንፈ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ።

በቦክስ ተጋጣሚውን የጣለ ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ ሩቁ ጥግ ይሄዳል፤ ዳኛው እስከ አሥር ይቆጥራል። ኢብሳ ይህን ያውቃል፤ ቢጠይቁት በቃሉ ይለዋል። ነገር ግን በስምንት ወር ልምምድ በፊቱ የወደቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ በልምምድ ጓደኛን የሚጥል የለምና። ዘጠኝ ዓመት በኖረበት ሜዳ ደግሞ የወደቀ ሰው ያላለቀ ሥራ ነው፤ ካልጨረሱት ተነሥቶ ይጨርሳል። ዳኛው አንድ ሳይል ኢብሳ ክንፈ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ሁለት ጊዜ መታው። ነገሩ የገባው የዳኛው ክንድ አንገቱን ሲይዘው ነው።

የወደቀን መምታት በቦክስ ከውድድር ያስወጣልና፣ ዳኛው የወደቀውን ሰው እጅ አነሣ።

ክንፈ ትንሽ ቆይቶ ነቃ፤ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ውኃ አጠጡት። ኢብሳ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ክንፈ ያበጠ ከንፈሩን እየዳሰሰ አየው።

«ወንድሜ፣ እኔ እንደሆንኩ አልነሣም ነበር» አለው። «ምን አስቸኮለህ?»

አዘጋጁ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጋሽ ልሳኑ ሲመጣ መሐል የገባው ረመዳን ነው። ዋስትናው የእግር ነው፣ እግሩ ደግሞ እንደ ካህን ጨዋ ሆኖ ነው የዋለው፣ ወላሂ አይተኸዋል፣ አለው። አዘጋጁ ሳቁን ዋጥ አደረገ። የሌሎቹን ስም ተወ፤ የኢብሳን ፋቀ።

ኢብሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘርግቷል፤ ጋሽ ልሳኑ የጓንቱን ማሰሪያ እየፈቱለት ነው። የክለቡ ልጆች ዙሪያውን ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ሁሉን ተምሬ ነበር» አለ ኢብሳ። «ምን ቀረኝ?»

ሽማግሌው ጓንቱን ሳያወልቁ እጃቸው ቆመ። ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ነገሩት፤ መምታት አስተምረውታል፣ መመከት አስተምረውታል፣ በመውደቅ አስለቅሰውታል፤ የሽንፈቱን መንገድ ሁሉ ሲዘጉ፣ ድል ራሱ ያሰናክለዋል ብሎ የፈራ ግን አልነበረም። ከዚያም ቀና ብለው፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ለቆሙት ሁሉ፣ «ጥሎ መቆም ያልተማረ፣ አሸንፎ ይሸነፋል» አሉ።