አባ ቦራና የበዓል ጦር

ተረት ተረት!

«ጓል እንደ ጠላት የተመታበት!» በሉኝ እንጂ። ዛሬ የላም በረት የለም፤ ተረቱ ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ ነው። ጎሽ! እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምትጎነታተሉትም ተዉ፤ እኔ የማወራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ አገር፣ እንዳላማው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። ሦስት ልጆች፣ አንድ ማሳና አንድ በሬ ነበራቸው። የበሬው ስም ቦራ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም፤ ይታረሳል የሚል ካለ ሄዶ ይሞክረውና ይምጣ። ጎረቤታቸው አያ ቢረሳውም ያለው አንድ በሬ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጁ። አንድ ቀን የእንዳላማው ማሳ ይታረሳል፣ በማግሥቱ የአያ ቢረሳው። አንድ ቀን የዚህ፣ አንድ ቀን የዚያ። እንዲህ እያሉ ይኖሩ ነበር፤ ጎተራቸው ሞልቶ ባያውቅም ባዶ ሆኖም አያውቅም።

የዚያ አገር ገዢ ፊታውራሪ አምባዬ ይባላሉ። ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ ሆዳቸው ግን ከመሬታቸውም ይሰፋ ነበር። ሰኔ በገባ በሳምንቱ ነጋሪት አስጎሰሙ።

«የሰማህ ስማ፣ ያልሰማህ አሰማ! የበዓል ጦር ላቆም ነው። ቤትህን ጥለህ አትመጣም። እርሻህን ትተህ አትመጣም። የምትመጣው ሞፈርህ በሚያርፍበት በበዓል ቀን ብቻ ነው። የገባ ጋሻ ይሰጠዋል። የገባ በሐምሌ አምስት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ከግብሬ ተቀምጦ ብርንዶ ይቆርጣል። መግቢያው እስከዚያች ቀን ነው። ከገቡ በኋላ ግን መውጣት የለም!»

አገሩ ተንጫጫ። በበዓል ቀን ጥላ ሥር ከመጋደም ሌላ ምን ሥራ አለ? ለዚያውም ጋሻ! ለዚያውም ብርንዶ! አያ ቢረሳው ነጋሪቱ ሳያባራ ሮጦ ገባ። ሌሎች አሥር ሰዎችም ተከተሉት።

እንዳላማውም ልቡ ተነሣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጋሻ አምሮታል። አባቱ ጋሻ አልነበረውም፣ አያቱም አልነበረውም። ከቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክብ ነገር ወንፊት ብቻ ነበር።

«እናኑ፣ ልግባ ወይ?» አላት ሚስቱን።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለችው። «መጀመሪያ ሄደህ እይ። ሐምሌ ሳይወጣ ጤፋችንን ካልዘራን ግን ልጆቹ የሚበሉት ያንተን ጋሻ ነው።»

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። እንዳላማው ጉብታ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ቁልቁል ያይ ጀመር። ፊታውራሪ አምባዬ በበቅሎ ላይ ሆነው፣ ጥላ ተይዞላቸው ቆመዋል። ጦሩ ከፊታውራሪው ማሳ መሐል ተሰልፏል። ጋሻ በግራ፣ ዱላ በቀኝ።

«ጠላት በፊትህ ነው!» አሉ ፊታውራሪው።

«ጠላቱ የታለ ጌታዬ?» አሉ ወታደሮቹ።

«ያ ጓል ጠላት ነው! አናቱን በለው!»

ጓሉን ሲቀጠቅጡት ዋሉ። የደብሩ ቄስ በዚያ ሲያልፉ አዩና ቆሙ። «ጌታው፣ በሚካኤል ቀን ጓል ይከሰከሳል እንዴ?»

«ልምምድ ነው አባቴ፣ ልምምድ» አሉ ፊታውራሪው።

አያ ቢረሳው ወደ ማታ መዳፉ ተልጦ፣ ወገቡን ይዞ ተመለሰ። «መቶ ጠላት ገደልሁ!» አለ። በማግሥቱ ግን መነሣት አቃተው። የዚያን ቀን ተራው የእንዳላማው ማሳ ነበር፤ ቦራ ብቻውን ቆሞ ሲያመሰኳ ዋለ።

«ለመሆኑ ጓሉ ሲመቱት መልሶ ይመታል?» አለች እናኑ።

«አይመታም።»

«ደግ ጠላት ነው እንግዲህ።»

ሃያ አንድ ማርያም ደረሰች። እንዳላማው እንደገና ጉብታው ላይ ወጣ። ፊታውራሪው በበቅሎ ላይ፣ ጦሩ በማሳው መሐል።

«ሰላይ ገብቷል!» አሉ ፊታውራሪው።

«ሰላዩ የታለ ጌታዬ?»

«ያ ሙጃ ሰላይ ነው! ከነሥሩ ንቀለው!»

ሙጃውን ሲነቅሉት ዋሉ። ቄሱ አለፉ፤ «ልምምድ ነው አባቴ» ተባሉ። አያ ቢረሳው ጎብጦ ተመለሰ፤ በማግሥቱም አልተነሣም። ቦራ ደግሞ ሲያመሰኳ ዋለ።

«ሰላዩ የተገኘው የማን ማሳ ላይ ነው?» አለች እናኑ።

«የፊታውራሪ።»

«እኛ ማሳ ላይስ ሰላይ የለም?»

«ኧረ ሞልቷል!» አለ እንዳላማው፤ አለና ራሱን ያክክ ጀመር።

ሃያ ዘጠኝ በዓለወልድ ደረሰ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ማሳውን ጭቃ አድርጎታል። «ምድር ትፍራህ! ርገጥ! ሂድ! ተመለስ!» አሉ ፊታውራሪው። ጦሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። ሰልፉ ሲበተን እንዳላማው ከጉብታው ወረደና ማሳውን በእጁ ዳሰሰው። ጓል የለ፣ ሙጃ የለ፤ ጠቅጠቅ ብሎ፣ ልስልስ ብሎ ተኝቷል። የጤፍ መሬት መረገጥ ይወዳል። ሌላ ጊዜ ግን የሚረግጠው ከብት ነበር።

ልጆቼ፣ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። አያ ቢረሳውም ያውቃል፣ አሥሩም ያውቃሉ። ነገር ግን ጋሻ ያንጠለጠለ ሰው ከጋሻው ወዲያ አያይም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለበሬ ብቻ መሰላችሁ?

እንዳላማው በሳቅ እየተንፈራፈረ ቤቱ ገባ። «እናኑ፣ ጦር አይደለም! ደቦ ነው!»

«ጠላ የሌለው ደቦ!» አለች እናኑ። «እንግዲያስ አትግባ።»

ይህን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። «ባልገባስ? ቢረሳው ገብቷል፣ መውጣት የለም። በዓሉን እዚያ ይውላል፣ በሥራ ቀን ይተኛል። ቦራ ብቻውን ምን ያርሳል? ብገባም ማሳዬ ጦም አደረ፣ ብቀርም ጦም አደረ። እነዚህን ልጆች ምን ላበላቸው ነው?» አለና አንገቱን ደፋ። በጣም ፈርቶ ነበር።

እናኑ እሳቱን ቆሰቆሰች። ቆሰቆሰችና፣ «ደቦ ከሆነ እኮ ተራ አለው» አለች። «ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ።»

እንዳላማው ቀና አለ። ተያዩ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዱ፤ ቦራ ከበረቱ ደንግጦ እምቧ እስኪል ድረስ።

ሐምሌ አምስት ጾሙ ተፈታ። የፊታውራሪ አዳራሽ በሰው ሞላ። የፊታውራሪው አለቃ ደጃዝማቹ ሳይቀሩ የበዓሉን ጦር ለማየት መጥተው ከላይ ተቀምጠዋል። በዚያ አገር ወግ፣ ጦር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ይፎክራል፤ ከፎከረ በኋላ አንድ ነገር መለመን ይችላል። ጌቶች በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ እየተባሉ ይፎክራሉ። እንዳላማው ፈረስ ስለሌለው በበሬው ስም ተነሣ።

«ዘራፍ! አባ ቦራ! ያንድ በሬ ጌታ፣
ጓሉን የሚፈልጥ፣ ሙጃ የሚረታ!»

ደጃዝማቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ፊታውራሪ አምባዬ ግን ብርንዶው ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረባቸው።

«ምን ትለምናለህ አባ ቦራ?» አሉ ደጃዝማቹ።

«ጌታዬ፣ ጦሩ ሲለማመድ ሦስት ቀን አይቼ ተደንቄያለሁ። ነገር ግን የሚለማመደው የፊታውራሪ ማሳ ላይ ብቻ ነው። ጠላት በአያ ቢረሳው ማሳ በኩል ቢመጣስ? በእኔስ ማሳ ቢመጣ? መሬቱን ሳናውቀው መደናበራችን አይደል? እባክዎ፣ በየወታደሩ ማሳ በተራ በተራ እንለማመድ።»

«ወታደር ማለት ይህ ነው!» አሉ ደጃዝማቹ። «አምባዬ፣ አንተ ይህን እንዴት አላሰብህም?»

ፊታውራሪው አፋቸውን ከፈቱ። እንቢ ቢሉ፣ ልምምድ አይደለም እርሻ ነው ማለታቸው ነው። አፋቸውን ገጠሙ። «ላስበው... ላስበው ነበር ጌታዬ።»

«በል እንግዲህ። ጦር ያለ መሪ አይሄድም፤ ከበቅሎህ ወርደህ ከፊት ትሆናለህ። ስንቁም ካንተ ጎተራ ይውጣ። አጋፋሪዬን ትቼልህ እሄዳለሁ፣ ያየውን ይነግረኛል።»

ለእንዳላማው ጋሻ ተሰጠው። አሥራ ሁለተኛው ወታደር እርሱ ሆነ።

በሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ፣ ጦሩ ወጣ። የድሃ ማሳ ትንሽ ናት፤ አሥራ ሁለት ሰው ከገባባት እንጀራ ተበልቶ እስኪያልቅ እንኳ አትቆይም። ከማሳ ማሳ እየተሻገሩ አሥራ ሁለቱንም አዳረሱ። ከፊት ፊታውራሪ አምባዬ፣ ዱላቸውን ይዘው።

«ጌታዬ፣ ጠላት በፊትዎ ነው!» ይላል እንዳላማው።

«የታለ?»

«ያ ጓል! አናቱን ይበሉት!»

አጋፋሪው ያያል። ፊታውራሪው ይቀጠቅጣሉ። ቄሱ በዚያ አለፉና ቆሙ። እንዳላማው እጅ ነሥቶ፣ «ፊታውራሪ እንዳሉት ነው አባቴ፣ ልምምድ ነው» አላቸው። ቄሱ ጺማቸውን ዳብሰው፣ ፈገግ ብለው ሄዱ።

በሥራ ቀን ማንም አልተኛም። የገዛ ማሳው ሲሰናዳለት ያየ ሰው ወገቡን አያመውም። ቦራና የአያ ቢረሳው በሬ አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን ያርሳሉ።

በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ ሰላይ ተነቀለ። ጎንበስ ሲሉ ሆዳቸው አልታጠፍ ያላቸው ፊታውራሪ በጉልበታቸው እየዳሁ ሙጃ ነቀሉ። «ከነሥሩ፣ ጌታዬ! ከነሥሩ!» ይላል እንዳላማው።

በአሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል፣ መርገጥ ሆነ። ዝናቡ አልቆመም። ሄዱ፣ ተመለሱ። ሄዱ፣ ተመለሱ። አሥራ አንዱን ማሳ ጨርሰው ከመጨረሻው፣ ከእንዳላማው ማሳ ሲደርሱ የፊታውራሪው እግር ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ጎተቱት፣ እንቢ አለ። እንደገና ጎተቱት፣ እንቢ አለ። በሦስተኛው እግራቸው ሲወጣ እርሳቸው በጀርባቸው ዘጭ አሉ!

«በቃ!» ብለው ጮኹ ከጭቃው ውስጥ። «ጠላት የለም!»

እንዳላማው የደነገጠ መሰለ። «እንዴት የለም ጌታዬ? ገና ሃያ አንድ ማርያም አለች። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ አለ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም አለ። ሃያ ዘጠኝ...»

«አልቋል! እኔ ራሴ ገድዬ ጨርሼዋለሁ! ጦሩ ተበትኗል! ጋሻችሁን ይዛችሁ ሂዱልኝ!»

በማግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ጠላት ድል ሆነ ተባለ። እንዳላማው ነጋሪቱን የሰማው ጤፍ እየዘራ ነው። አያ ቢረሳውም እየዘራ ነው፣ አሥሩም እየዘሩ ነው። ፊታውራሪ አምባዬ ግን ወገባቸውን በቅቤ እየታሹ ወር ሙሉ ተኙ። ያን የመሰለ ማሳቸው የሚዘራው አጥቶ ሙጃ ዋጠው፤ ሰላዩ ከነዘመዱ ተመለሰ በሉት።

ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ተወቃ። የእንዳላማው ጎተራ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ ሞላ፤ ክዳን ቢፈለግ ልኩ ጠፋ። እናኑ ያን የተመኘውን ጋሻ ከግድግዳ አወረደችና ጎተራውን ከደነችበት። ልክክ አለ። እንዳላማው አየውና በልቡ፣ ጋሻ ለካ ለዚህ ነው አለ።

አንድ ቀን ፊታውራሪ አምባዬ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። «አባ ቦራ፣ የኔ ጎተራ ዘንድሮ... እንደምታውቀው ነው። አንድ ቁና ጤፍ ብትሰጠኝ?»

«በደስታ ጌታዬ» አለ እንዳላማው። ጋሻውን ከጎተራው አነሣ፣ ቁናውን አጠለቀ፣ እስኪፈስ ሞልቶ ሰፈረላቸው። ሲሰፍርም እንዲህ አላቸው፤ «በመጪው ሰኔ ደግሞ ደቦ ጠርቻለሁ፤ እርስዎም ይምጡ። በሥራ ቀን ነው። ስሙም ደቦ ነው። ጠላም አለው።»

ፊታውራሪው ቀላ አሉ፣ ጠቆሩ፣ መጨረሻ ላይ ሳቁ። ሰኔ ሲመጣም መጡ፤ እንዲያውም ጓል አከሳከሳቸው ከሁሉም የበለጠ ነበር ይባላል። ልምድ አላቸዋ!

ልጆቼ፣ ጋሻ ሲሰጧችሁ መጀመሪያ መሬቱን ዳስሱ። ሌላውን በምትሰፍሩበት ቁናም ተጠንቀቁ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና።

ተረቴን ወስዳችሁ ዝሩት፣
ለእኔ ግን አንድ እፍኝ ቆሎ አትርሱት።